ፋሺዝምና ናዚዝምን አትቀላቅሉብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የየካቲት 12ን መታሰቢያ አስመልክቶ ባወጣችሁት ጽሑፍ ፋሺዝምና ናዚዝም እንደ አንድ ነገር መቅረባቸው ቅር አሰኝቶናል። ሁለቱም ነጻ ፕሬስንና የሠራተኛ ማኅበራትን ደፍጥጠው በአንድ ፓርቲ ገዝተዋል፤ ይህ አያከራክርም።

ሆኖም ሙሶሊኒ ከሁሉ በላይ ያደረገው መንግሥትን ነው፤ ሂትለር ደግሞ ዘርን። ሙሶሊኒ በ1922 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥልጣን ሲይዝ ንጉሡ ከነዙፋናቸው ቀጠሉ። በ1929 ከቫቲካን ጋር ተዋዋለ። በሐምሌ 1943 የገዛ ፓርቲው ታላቅ ምክር ቤት በ19 ድምፅ ሲቃወመው ንጉሡ ሻሩት፣ አሳሰሩትም። ሂትለርን ግን በሕግ የሚያወርድ አካል አልተረፈም፤ የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግ በ1934 ሲሞቱ ሥልጣናቸውን ጠቅልሎ ወታደሩን በራሱ ስም አስማለ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የዘረኝነቱ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ጣሊያን የዘር ሕግን ከጀርመን ቀድታ በ1938 እንዳወጣች ይናገራል። በእኛ ላይ ግን ቀድሞ ተጀምሯል። የስድስት ኪሎው ሐውልት የቆመለት ጭፍጨፋ በተፈጸመ በሁለት ወሩ፣ በሚያዝያ 1937፣ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር አዋጅ ወጥቷል። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት የተወሰደውም ነጩንና «አገሬውን» ለመለየት በወጣው የከተማ ፕላን ነው። እዚሁ በእግር የሚደረስበትን ማስረጃ ትቶ በርሊንን ብቻ መጥቀስ ለሰማዕታቱ አይገባም። በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

የታሪክ መምህራን፣ አራት ኪሎ