«ደህና ነኝ» ያስከፈለችኝ

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ድረ ገጻችሁን በእረፍት ሰዓቴ ነው የማነበው። ስለ ታክስ ጽፋችኋል፣ ስለ ቤት መግዣ ብድርም ጽፋችኋል። ሥራ ላይ ስለሚጎዳ ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም። እኛ ደግሞ አልጋ የምናነጥፍ፣ በሽተኛ የምናነሳ፣ ፓርኪንግ የምንሠራ ሰዎች ነን። ስለዚህ የደረሰብኝን ልጻፍላችሁ።

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ባለፈው ዓመት ማርች ላይ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ አንሶላ ላስገባ የትልቁን አልጋ ፍራሽ ጥግ ሳነሳ ቀኝ ትከሻዬ ቀጭ አለ። ሱፐርቫይዘሬ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ደህና ነኝ» አልኳት። ምን ልበል? እናቴ የአልጋ ቁራኛ ሆና እንኳ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነበር የምትለው። ማታ እጄን ማንሳት ሲያቅተኝ ቴክስት ላክሁላት። «ዛሬ 412 ቁጥር ክፍል ፍራሽ ሳነሳ ትከሻዬን ተጎዳሁ፣ ነገ መግባት አልችልም።» እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለኝ ልጄ ነው።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «መቼ ጀመረሽ?» አለኝ። «ትንሽ ቆየ» አልኩት። በእኛ አነጋገር አራት ቀንም ትንሽ ቆየ ነው። እሱ የጻፈው «ሕመሙ የቆየ ነው» ብሎ ነው። አሠሪዬ ለሠራተኛ ጉዳት ካሳ (ወርከርስ ኮምፐንሴሽን) ከገባው ኢንሹራንስ የመጣው የእምቢታ ደብዳቤ ያችኑ ቃል ይዞ መጣ። ለካ በቨርጂኒያ ሕግ ጉዳቱ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ድርጊት የደረሰ መሆን አለበት። ሥራው ቀስ በቀስ ያመጣው ሕመም፣ እንደ እጅ አንጓ ነርቭ መታፈንና እንደ ጆሮ ድካም ካሉት በቀር፣ አይሸፈንም። «ወገቤን ሲያመኝ ከርሟል» ያለ ሰው ራሱ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

ሌላው ጥፋቴ ቡና ላይ ምክር መስማቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ጓደኛዬ «የራስሽን ሐኪም ያዢ፣ መብትሽ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሷ አገር ሜሪላንድ ነው፣ እዚያ ሠራተኛው ራሱ ይመርጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን አሠሪው ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ስም ይሰጥሻል፣ ከዚያ ነው የምትመርጪው። እኔ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ ወደ ለመድኩት ሐኪም ሄድኩ። የመጀመሪያው ቢል ቤቴ መጣ።

የፖቶማክን ድልድይ ስትሻገሩ ሕጉም አብሮ ይለወጣል። ለአሠሪው ለማሳወቅ ሜሪላንድ የምትሰጠው 10 ቀን ብቻ ነው። ቨርጂኒያና ዲሲ 30 ቀን ይሰጣሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ አሠሪውን የሚይዘው ሦስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ሲኖረው ነው፣ ሜሪላንድ ግን አንድም ይበቃታል። በ1099፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ እንደሚሠራ ተቆጥሮ የሚከፈለው የኡበር ሹፌር ደግሞ በአብዛኛው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ይሄ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ያደናገረኝ ይኸኛው ነው። ኤች አር፣ የሆቴሉ የሠራተኛ አስተዳደር፣ «ሪፖርት አድርገናል፣ አታስቢ» አሉኝ፣ እኔም አላሰብኩም። ነገር ግን አሠሪው የሚልከው ሪፖርት የእኔ ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄዬ፣ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ክሌሙን ሠራተኛው ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ጉዳዩን ለሚዳኘው ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ማስገባት አለበት። ገንዘብ አያስከፍልም። ያን ጊዜ ካሳለፈ፣ አሠሪው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን አበቃ። እኔ ያስገባሁት በሰባተኛው ወር ነው፣ ያውም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጨቅጭቃኝ።

ችሎቱ ቀን አስተርጓሚውን ያመጣው ኮሚሽኑ ነው። ምክትል ኮሚሽነሯ የጠየቀችኝ ሐሙስ ዕለት ምን እንዳደረግሁ ነው። ቴክስቱን አሳየሁ። ቀኑም፣ የክፍሉ ቁጥርም፣ ፍራሹም እዚያው ላይ ነበር። ተፈረደልኝ። ሥራ ላልገባሁባቸው ሳምንታት የተከፈለኝ ከአማካይ የሳምንት ደመወዜ ሁለት ሦስተኛው ነው። ማለትም በሳምንት 900 ዶላር የሚያገኝ ሰው 600 ያገኛል፣ ታክስም አይቆረጥበትም። የመጀመሪያው 7 ቀን የሚከፈለው ከሥራ መቅረቱ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ነው። እንቅልፍ ላጣሁበትና ለስቃዬ አምስት ሳንቲም የለም፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ በምትኩ አሠሪሽን በቸልተኝነት ፍርድ ቤት አቁመሽ ተጨማሪ ካሳ አትጠይቂም። ቀን ሆቴል ማታ ፓርኪንግ የምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሁለቱ ሥራዎች ካልተመሳሰሉ ቨርጂኒያ የምታሰላው የተጎዳችሁበትን ሥራ ደመወዝ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ዝም የሚለው ፈርቶ እንደሆነ አውቃለሁ። ክሌም ስላስገባ ብቻ ሠራተኛን ማባረር ሕጉ ይከለክላል። ወረቀት የሌለው ሠራተኛም ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ የሚለው «ሠራተኛ» ነው፣ ሕክምናው ይሸፈንለታል። ጠበቃም ቢሆን በኮሚሽኑ ካልጸደቀለት በቀር ክፍያ መውሰድ አይችልም።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለአሠሪው የማሳወቂያውን ቀኖች፣ የሜሪላንድን፣ የቨርጂኒያንና የዲሲን፣ በትልቁ አውጡልን፦ 10፣ 30፣ 30። እኛ ሆቴል መመገቢያ ክፍል ውስጥ፣ ከማይክሮዌቩ በላይ፣ ስለዚሁ ሕግ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አለ። አሠሪው እንዲለጥፈው ሕጉ ያስገድደዋል። ስንት ዓመት ከሥሩ ተቀምጬ ምሳዬን በልቻለሁ፣ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላነበብኩትም። የእናንተን ፕሪንት አድርጌ ከጎኑ እለጥፈዋለሁ፣ በግራ እጄ።

አንዲት የሆቴል ሠራተኛ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ