ጄኔቲክስን ከስላይድ አውጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጥራት ሲወራ ወይ ስለ ፍሬሽማን ወይ ስለ መውጫ ፈተና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መሀል ላይ ያለው ነው፤ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ኮርሶች፣ ጄኔቲክስ (የዘር ውርስ ጥናት)፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ፣ ኢቮሉሽን (ዝግመተ ለውጥ)። ተማሪው ባዮሎጂን ከልቡ የሚይዘው ወይም ለዘላለም የሚተወው እዚያ ላይ ነው።

ትምህርት ቤታችን አዲስ ተመራቂዎች ይመደባሉ። ጎበዞች ናቸው። የሜንዴልን 3 ለ 1 የዘር ውርስ ምጣኔ ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸው ይነግሯችኋል። ክሮሞሶም (ሴል ውስጥ ዘረመል የሚሸከመውን ክር) በዓይናችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ከሃንድአውትና ከስላይድ ውጪ ምንም አልደረሳቸውም። እኔ በተማርኩበት ግቢም ዲኤንኤ የሚያባዛው የፒሲአር ማሽን ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ፣ ሪኤጀንት (ለሙከራ የሚያስፈልገው ኬሚካል) የለም እየተባልን ኮርሱ አለቀ። ያኔ ያናደደኝ ነገር አሁንም ያናድደኛል።

እርግጥ ሪኤጀንት በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፣ መምህራኑ ላይ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ግን ክሮሞሶም ለማየት የሚያስፈልገው ቀይ ሽንኩርት ነው! ውሃ ላይ አስቀምጦ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ፣ የሥሩን ጫፍ ቆርጦ በአሲድ ማለስለስ፣ ቀለም አስነክሮ መስታወት ላይ መጨፍለቅና በማይክሮስኮፕ ማየት። 16ቱን ክሮሞሶም ራሱ የቆጠረ ተማሪ ማይቶሲስን (የሴል ክፍፍልን) መሸምደድ አያስፈልገውም። የበሰለ ሙዝ ላይ የሚሰፍሩት ትንንሽ ዝንቦችም አሉ። በሁለት ሳምንት አካባቢ አዲስ ትውልድ ይሰጣሉ፤ አንድ ሴሚስተር የልጅ ልጆቻቸውን ለመቁጠር ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ቡናው ነው። የአረቢካ ቡና መነሻ ይኸው የእኛ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው። ምክንያቱም ሮቡስታ የምንለው ካኔፎራና ዩጂኖይዲስ የሚባለው ዝርያ ተዳቅለው የሁለቱንም ክሮሞሶም ጠቅልሎ ስለያዘ ነው። ፖሊፕሎይዲ (ከሁለት በላይ የክሮሞሶም ስብስብ መያዝ) የሚለውን ምዕራፍ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? የእኛ ልጆች ግን በስንዴ ምሳሌ ተምረውት ይወጣሉ፣ ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ውጪ ቡና እያበበ።

74110 የሚባለውን የቡና ዝርያ ታሪክም ተመልከቱ። የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ ያረግፋል። የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል፣ እኛ መልኮ የምንለው፣ በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች ከየአካባቢው ለይቶ ዘራቸውን በመፈተን ነው 74110ን፣ 74112ንና ሌሎቹን ያወጣው። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዛፎቹ የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። የጎማና የማና ወረዳ ገበሬ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ከአዲሶቹ መምህራን ግን ይህን በጄኔቲክስ ኮርስ ውስጥ የሰማ እስካሁን አላገኘሁም። በአብዛኛው ራሱን በራሱ በሚያዳቅል ተክል ውስጥ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ሁሉም ገበሬ እነዚህኑ ጥቂት ዝርያዎች ተክሎ ጫካው ቢመነጠርና ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣስ? የቡና ዘር እንደ ጤፍ ደርቆ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለረጅም ዓመታት አይቀመጥም። በሕይወት ያለ ዛፍ ሆኖ ነው መጠበቅ ያለበት፣ ጮጬ ያለው የቡና ጂን ባንክ (የዘረመል ማቆያ) የዛፍ ማሳ የሆነውም ለዚህ ነው። ይህን ቦታው ላይ ቆሞ ያየ ተማሪ የዘረመል ሀብት ሲባል ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ወባም አለች። ቫይቫክስ የምትባለው ዓይነት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ለመግባት ዳፊ የሚባለውን ፕሮቲን ትፈልጋለች። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሰው ዲኤንኤው ላይ ባለች የአንዲት ፊደል ለውጥ የተነሳ ይህ ፕሮቲን ቀይ የደም ሴሉ ላይ የለም፣ ስለዚህ ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ናት። እኛ ጋ ፕሮቲኑ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ በሽታዋም ብዙ ናት። ይባስ ብሎ ፕሮቲኑ በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ተገኝታለች። ጠቃሚ ለውጥ ያለው ከትውልድ ትውልድ እየበዛ የሚሄድበትን ተፈጥሯዊ ምርጫን ከዚህ በላይ ማን ያስረዳል?

መውጫ ፈተና ከመጣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ ወደ ኤ ቢ ሲ ዲ እየወረደ ነው። ጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ ሌብ ከሚገባ የድሮ ጥያቄ ቢሠራ ይመርጣል፣ እሱ ላይ አልፈርድም፤ የሚመዘነው በዚያ ነዋ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የጄኔቲክስ ኮርስ የሚሰጡ ክፍሎች ለተግባር ሥራ ቢያንስ 30 ፐርሰንት ይያዙለት። በሴሚስተር አንዴ መልኮ ወይም ጮጬ ይውሰዷቸው፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የቡና ዝርያ ይዞ የት እንደተገኘ፣ ምን እንደሚቋቋምና ምን እንደሚጎድለው ጽፎ ያቅርብ። ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚመደብ በጀት ካለም ክረምት ላይ ሌቡ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ለእኛ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን አጭር ኮርስ ይከፈትልን። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር እመዘገባለሁ፣ ባልደረቦቼም ጠይቀውኛል።

ከአክብሮት ጋር
የባዮሎጂ መምህር፣ ጅማ