ቀይዋ ድንጋይ ድኝ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ስለ ዳሎል ያወጣችሁትን ስልኬ ላይ አነበብኩት፣ አሪፍ ነው፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ፣ ግን ያ ቀይ ድንጋይ የያዘ እጅ ፎቶ ስር "የዳሎል ድኝ" የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ድኝ እኮ ቢጫ ነው፣ እሳት ሲነካው ይነድና ሽታው ሰው ያባርራል። ያቺ ግን በመልኳ ካርናላይት የምትባለውን ጨው ነው የምትመስለው። እኔ ጂኦሎጂስት አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ፣ ግን ሁለት ዓመት ጂኦሎጂስቶችን በላንድክሩዘር ጭኜ ከበርሃሌ ወደ ዳናክል ስወርድና ስወጣ ነበር፣ እነሱ ሲቆፍሩ እኔ መኪናው ጥላ ስር ቁጭ ብዬ መጠየቅ ነበር ስራዬ።

አንድ ቀን ጭብጥ የምታህል ቀይ ቁራጭ ሰጡኝና አዲስ አበባ አምጥቼ ቡፌው ላይ፣ ባለቤቴ የሰራችው ዳንቴል ላይ አስቀመጥኳት። በጋውን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያነሳሁ ሳሳይ ከረምኩ። ክረምት ሲገባ ድንጋይዋ አላባት! መጀመሪያ ልጆቹ ውሃ ያፈሰሱባት መስሎኝ ተቆጣሁ፣ ጠረግኳት፣ በማግስቱ እንደገና እርጥብ ናት፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ቅርጿ ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ዳንቴሉ ላይ ቀይ ጭቃ የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ የቡፌውም ቀለም ተላጠ። የባለቤቴን ነገር ተዉት።

ለጂኦሎጂስቶቹ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ካርናላይት ፖታሲየምና ማግኒዚየም ከክሎሪን ጋር የተያያዙባት ጨው ናት፣ ከክብደቷ 39 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ውስጧ የታሰረ ውሃ ነው፣ ይሄም አልበቃ ብሏት አየሩ ላይ ያለውን እርጥበት ትስባለች፣ ስለዚህ ዳናክል ደረቁ ላይ ድንጋይ የነበረችው የአዲስ አበባን ሐምሌ አትችለውም። ቀይ የሚያደርጋት ደግሞ ውስጧ የተበተነ ብናኝ የብረት ዝገት ነው፣ ንጹህ ስትሆን ነጭ ወይ ቀለም አልባ ናት። ዳንቴሉ ላይ የቀረችው ቀይዋ ዝገቱ ነበረች ማለት ነው! በቢላ ጫፍ ስትወጉዋት ሲጥ ትላለች፣ ምላስ ላይ ደግሞ እንደ አሞሌ አይደለችም፣ ትመራለች (ቀምሻለሁ፣ አትቅመሱ)።

አፈጣጠሯስ ካላችሁ፣ ያ ሁሉ ቦታ ድሮ ቀይ ባህር የሚገባበት ነበር፣ ዳር ዳሩ ላይ እስከዛሬ ኮራልና የባህር ቀንድ አውጣ ዛጎል ይገኛል። ኋላ መሬቱ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎና እሳተ ገሞራው ገብቶበት ባህሩ ተቆረጠ፣ ከባህር ጠለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ የቀረውን ውሃ ፀሐይ በላችው። ጨው ሁሉ ታዲያ አንድ ላይ አይወርድም፣ መጀመሪያ ጂፕሰም፣ ውሃው ወደ አስር እጅ አንድ ሲወርድ የምንበላው ጨው፣ ካርናላይት ግን የምትመጣው ከመቶ እጅ ሁለት እንኳን የማይሞላ መራራ ውሃ ሲቀር ነው። የባህሩ አምቡላ በሏት። ለዛም ነው እንደ ገበታ ጨው በየቦታው የማትገኘው፣ መጀመሪያ የታወቀችውም በ1856 እ.ኤ.አ. ጀርመን ስታስፉርት ነው፣ ስሟም የመጣው ሩዶልፍ ፎን ካርናል ከሚባል የፕሩሲያ የማዕድን መሃንዲስ ነው። ቆፋሪዎቹ ሲቆፍሩ ንጹህ ውሃ አይጠቀሙም፣ ጨው የጠገበ ውሃ ነው የሚያስገቡት፣ አለበለዚያ ሳምፕሉ ጉድጓድ ውስጥ እያለ ይሟሟል፣ እንደወጣም ወዲያው በላስቲክ ይጠቀለላል።

ሌላው ቅሬታዬ የፖታሲየም ጨዎችን ሁሉ "ፖታሽ" ብላችሁ ማለፋችሁ ነው። ካርናላይት ላይ ንጹህ ውሃ ሲገባ ማግኒዚየሙን ይዞት ይሄድና ሲልቫይት የሚባለውን የፖታሲየም ጨው ትቶ ይሄዳል፣ ዳሎል ላይም እንዲህ የሆነበት ቦታ አለ። ጣሊያኖች በ1918 እ.ኤ.አ. አካባቢ ቀይ ባህር ዳር ካለችው ከመርሳ ፋጥማ ሐዲድ ዘርግተው ሲያወጡ የነበሩት ሲልቫይቱን ነበር፣ ምክንያቱም ይቀላል፣ ካርናላይትን ግን መጀመሪያ ከማግኒዚየሙ ማላቀቅ አለብህ፣ የሚተርፈው የማግኒዚየም ውሃ የት ይደፋል የሚለው ራሱ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ካይናይት የሚባል ደግሞ አለ፣ ሰልፌት ያለበት፣ ከሱ የሚወጣው ማዳበሪያ ክሎሪን ለማይስማማቸው ለነ ድንችና ትምባሆ ይሆናል። "ይህን ያህል ቶን ፖታሽ አለ" ስትሉን ከነዚህ የትኛው ነው? ገበሬው ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ሲገዛ ውስጡ ፖታሲየም የለም እኮ፣ ስለዚህ ጥያቄው የጂኦሎጂስት ብቻ አይደለም።

በሉ የፎቶውን ጽሁፍ አስተካክሉት። ፎቶ ያነሳው ልጅ ድንጋይዋን ይዞ መጥቶ ከሆነ ደግሞ ላስቲክ ውስጥ ያስገባትና በደንብ ይቋጥራት፣ ቡፌ ላይ እንዳያስቀምጣት።

ሹፌሩ፣ ከአዲስ አበባ