ያመጣችሁትን ባትሪ ለምን እንደመለስነው

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ከኢንተርኔት ያዘዛችሁትን የስልክ ባትሪ በጥገና ቤታችን አንገጥምም በማለታችን ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። ቀደም ብለን መንገር ነበረብን፤ ይቅርታ። ውሳኔው ግን እንዳለ ነው።

«ሕጉ ማንም ሰው ራሱ ይቀይር ብሏል፤ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» ያላችሁን አላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት የ2023 የባትሪ ደንብ፣ ባትሪ ያለ ሙቀትና ያለ ኬሚካል በተራ መፍቻ ይውጣ የሚለው ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 አንስቶ ገበያ ለሚገቡ ዕቃዎች ነው። በጁን 2025 ሥራ ላይ የዋለው የኅብረቱ የስማርት ስልክ ደንብ ደግሞ ቀዳዳ ትቷል፦ ባትሪው 500 ጊዜ ተሞልቶ 83 በመቶ፣ 1000 ጊዜ ተሞልቶ 80 በመቶ አቅሙን ከያዘና ስልኩ አቧራም ውኃም ካላስገባ፣ አምራቹ ለባለሙያ ብቻ ሊተወው ይችላል። የብዙዎቻችሁ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ዛሬም በሙጫ የታሸገ ነው።

እሱን ለመክፈት መጀመሪያ ቻርጁን ከ25 በመቶ በታች እናወርዳለን፤ የሞላ ባትሪ ከተወጋ እሳቱ ይብሳል። ጀርባውን 80 ዲግሪ ገደማ አሙቀን በስስ ፕላስቲክ እንለያለን፤ ወዲያው የባትሪውን ኮኔክተር እንነቅላለን። ከሥሩ ያለው የሚሳብ ሙጫ ጋደም ተደርጎ በዝግታ ካልተሳበ ይበጠሳል። ያኔ 99 በመቶ አልኮል በጠርዙ ጠብ አድርጎ መታገሥ ነው እንጂ በብረት መፈንቀል የለም።

ከኢንተርኔት የሚመጣው ርካሽ ባትሪ ላዩ ላይ አቅሙ 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው ይላል፤ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን ከኦሪጅናሉ ይቀልላል። ከወራት በኋላ አብጦ ስክሪኑን ከውስጥ ገፍቶ ያነሳል። የስክሪኑን ሒሳብ እስካሁን የከፈልነው እኛ ነን። ኪራዩም ጨምሯል፣ የስልኩን ዙሪያ የሚያሽገው ሙጫም በየጥገናው አዲስ ነው፤ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋችንን ከ55 ወደ 65 ዩሮ ያደረስነው ወደን አይደለም። ለአገር ቤት ቤተሰብ የምትልኩትን ስልክ ሳይቀር አምናችሁ የሰጣችሁን እናንተ ይህን ትረዱናላችሁ ብለን ነበር።

ፌርፎን 5 ወይም ጋላክሲ ኤክስከቨር 7 ያላችሁ ባትሪያችሁን ራሳችሁ ቀይሩ፤ ጀርባው በጥፍር ይነሳል፣ አንዴ በነፃ እናሳያችኋለን። (ኤክስከቨሩ ውኃም አያስገባም፤ «በቀላሉ የሚቀየር ባትሪና ውኃ የማያስገባ ስልክ አብረው አይሄዱም» የሚሉትን አምራቾች እኛም አናምናቸውም።) የሌሎቻችሁንም የባትሪ አቅም ሳናስከፍል እናያለን፤ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ገና ነው ብለን እንመልሳችኋለን።

ጀርባው ያበጠ ስልክ ካላችሁ ግን ቻርጅ ላይ አትሰኩት፤ አጥፍታችሁ ወረፋ ሳትይዙ ግቡ።