የሲፍተን በር ለማን ነበር የተከፈተው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ካናዳዊው ፖለቲከኛ ክሊፎርድ ሲፍተን ሕይወት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ጭነት እስኪራገፍልኝ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ያለሁትም ብራንደን ነበር፤ ሰውዬው ጥብቅና እየሠራ ፖለቲካ የገባባት ከተማ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ‹‹የስደተኞች አባት›› የምትለዋ ግን አልተዋጠችልኝም።

ሥራውን አላናንቅም። በ1896 (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው) የጠቅላይ ሚኒስትር ሎሪየር መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲያደርገው ካናዳ የሚገባው ሰው በዓመት 17 ሺህ አይሞላም ነበር። ሥልጣን በለቀቀበት በ1905 ከ140 ሺህ አለፈ። 160 ኤከር መሬት፣ በእኛ ልክ ከጋሻ ተኩል በላይ፣ በ10 ዶላር መመዝገቢያ ይሰጥ ነበር፤ ሦስት ዓመት ኖሮበት ያረሰ ባለቤት ይሆን ነበር። ይህ ሕግ እንኳ ከ1872 ጀምሮ የነበረ ነው። የሲፍተን ብልሃት ደላላው ላይ ነው። ሕዝብን ለስደት መቀስቀስ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ክልክል ስለነበር በ1899 መሥሪያ ቤቱ ከመርከብ ወኪሎች ጋር በምስጢር ተዋዋለ፤ ለአባወራው 5 ዶላር፣ ለሚስትና ለእያንዳንዱ ልጅ 2 ዶላር። እኛ የምናውቀው ደላላ የሚበላው ከስደተኛው ኪስ ነው፤ እዚህ ከፋዩ መንግሥት ነበር።

የከተማ ሠራተኛ አይወድም፤ የሚፈልገው የበግ ለምድ የደረበ፣ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ አፈር የገፋ፣ ጠንካራ ሚስትና ግማሽ ደርዘን ልጆች ያሉት ገበሬ እንደሆነ በ1922 ጽፏል። (የበግ ለምድ ሲባል እኔን ትዝ ያለኝ ሌላ ነው፤ ይለፍ።) ዩክሬኖቹ እንዲህ መጡ። ዛሬም ወደ ዶፊን ከተማ ስነዳ ጉልላታቸው ሽንኩርት የመሰለ ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ሜዳው መሀል ብቅ ብቅ ይላሉ።

ያልተስማማኝ ሰፋሪዎቹ የገቡበትን ሜዳ ‹‹ባዶ መሬት›› ማለታችሁ ነው። የክሪና የሌሎች ነባር ሕዝቦች አገር ነበር፤ አብዛኞቹ በ1870ዎቹ በተፈረሙ ውሎች ጠባብ መሬት ላይ ተከልለዋል። ሲፍተን ደግሞ ሰፋሪ አስገቢ ብቻ ሳይሆን የእነሱ ጉዳይ የበላይ ኃላፊም ነበር፤ ሁለቱም መዝገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ። በ1904 ፓርላማ ቀርቦ፣ ከትምህርት ቤት የወጣ የነባሮቹ ልጅ ከነጭ ጋር የሚወዳደርበት አካልም አእምሮም ሞራልም የለውም ብሏል። በደርግ ጊዜ ሰፈራ መተከልና ጋምቤላ የወረደ ዘመድ ያለን ሰዎች ‹‹ባዶ መሬት›› የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ ልናሳልፈው አይገባም።

በሩም ቢሆን ለሁሉም አልተከፈተም። እሱ በተቀመጠበት ካቢኔ ዘመን ቻይናውያን ለመግባት የሚከፍሉት የነፍስ ወከፍ ግብር በ1903 በወጣ ሕግ 500 ዶላር ደረሰ። ጥቁሮች እንዳይገቡ ለአንድ ዓመት የሚያግደው የ1911 ትእዛዝ ግን የጸደቀው በተተኪው በፍራንክ ኦሊቨር ጊዜ ነው፤ ሲፍተን ላይ አልለጥፈውም፤ ሥራ ላይም አልዋለም። ሰበቡ ግን ያስቃል፤ የአየር ጠባዩ አይስማማቸውም ነው የሚለው። ዊኒፔግ ከዜሮ በታች 30 ስትገባ ሞተሩ በብርድ እንዳይያዝ መኪናዬን እንደ ስልክ ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቼ የማድር ሰው ነኝ፣ እስካሁን አለሁ።

ለትእዛዙ መውጣት ምክንያት የሆኑት ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ የመጡ ጥቁር ገበሬዎች ናቸው። ቀድመው የገቡት አልበርታ ውስጥ፣ በዚያው በ10 ዶላሩ ሕግ፣ ዛሬ አምበር ቫሊ የሚባለውን መንደር ቆረቆሩ። ቀጥሎ ስለ እነሱ ብትጽፉልን።

ከአክብሮት ጋር
የከባድ መኪና ሹፌር፣ ዊኒፔግ