ኬዝ ለምትጽፈው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ ደብረ ብርሃን ከነብርዱ ደህና ነን። እናትሽ በሶሽን አዘጋጅታ መንገደኛ እየጠበቀች ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራሽ ነው። በስልክ እንዳላወራሽ ቤቱ ሰው አይጠፋበትም። አሜሪካ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ መሆንሽ ከተሰማ ወዲህ የጠባሴ ሰው ሁሉ ዘመዳችን ሆኗል። ከሥላሴ ቅዳሴ ስወጣ ይይዙኝና «ልጅህ እኮ እዚያ ናት፣ የልጄን ነገር አደራ በልልኝ» ይሉኛል። አልቀየማቸውም። ልጇ ሰው አገር ያለወረቀት የተቀመጠባት እናት ምን ታድርግ?

ባለፈው ሰሞን ከታች ሰፈር አንዲት እናት መጡ። አሜሪካ ላለው ልጃቸው ኬዝ፣ ማለት ጥገኝነት የሚጠየቅበትን ታሪክ፣ እጽፍልሃለሁ ያለ ሰው «ታስሬ ነበር የሚል ወረቀት ካገርህ አስመጣ» ብሎታል። ልጁ ታስሮ አያውቅም። ግን ሲዛትበት እንደነበር፣ ሌሊት ቤቱ ድረስ ሰው እንደመጣበት፣ በዚያው እንደወጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እንግዲህ ይታይሽ፣ እውነተኛው ታሪክ እጁ ላይ እያለ የተገዛ ታሪክ ሊያቀርብ ነው። አንቺ እንዳስረዳሽኝ ደግሞ ጥገኝነት ለማግኘት መታሰር ግዴታ አይደለም፤ ብመለስ ጉዳት ይደርስብኛል የሚለው ፍርሃት በቂ ምክንያት ካለው ያ ራሱ ኬዝ ነው። እያወቀ ፈጥሮ ያቀረበና የተደረሰበት ሰው ግን፣ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያው ተነግሮት ከሆነ፣ የኢሚግሬሽን በር ለዘለቄታው ሊዘጋበት ይችላል። ይህን ስነግራቸው ሴትዮዋ አለቀሱ። ወረቀቱን ለሚያወጣላቸው ሰው ገንዘብ ተበድረው ነበር።

እኔ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው ያሳደግኩሽ። ሰው መጀመሪያ የሚነግርሽ ይጠቅመኛል ያለውን ነው። ዋናው ነገር የሚመጣው ዝም ብለሽ ስታዳምጪው፣ ሊነሳ ሲል ነው። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አስወሪው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ለሐኪሙ የማይነገረውን ለጠበቃም አይነግሩም፣ ያፍራሉ፣ በተለይ ሴቶች። አትቸኩይባቸው።

ደግሞ ቀኑን ነገር አደራ! እኛ የምንቆጥረው በራሳችን አቆጣጠር ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2013 ተደበደብኩ ያለሽ ሰው ሰባት ደምሮ 2020 ብሎ ይጽፋል። በፈረንጆቹ ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 2021 ነው፤ ታኅሣሥ 23 ላይ ዓመታቸው ተቀይሯልና። ሰዓቱም እንደዚያው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡብኝ ሲል አስተርጓሚው በቁሙ «ማታ 8 ሰዓት» ካለው፣ ሰው ገና ራቱን ሳይበላ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ ሌሊት 2 ሰዓት የሚል ሲገኝ ዳኛው «ይሄ ሰው ይዋሻል» ቢል ምን ይገርማል? እውነቱን ተናግሮ ውሸታም ከመባል የበለጠ ምን በደል አለ። ያገሩን ልጅ ከዚህ የምታድኚው አንቺ ነሽ፣ አቆጣጠሩን ከነጳጉሜው ታውቂዋለሽና። አንድ በአንድ ቁጭ ብለሽ አስተካክዪለት።

የማያዋጣውን አያዋጣም በዪ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚላቸው ምክንያቶች አምስት ናቸው፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። ድህነት እዚያ ውስጥ የለም። መንዝ ላይ መሬቱ አልበቃ ብሎት፣ እናቱን ልርዳ ብሎ የወጣ ልጅ ኀዘኑ እውነት ነው፣ ግን በዚህ ብቻ ጥገኝነት አያገኝም። ፊቱን እያየሽ ይህን መንገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ንገሪው። ገንዘቡን ተቀብሎ ዓመት ሙሉ በተስፋ ከሚያንከራትተው ሰው ይልቅ የዚያኑ ቀን እንቢ የምትለው ትሻለዋለች። ሌላ መንገድ ካለውም አሳዪው።

አገሩ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምልህም ይላል አይደል፤ ከቻልክ ከፍለህ፣ ካልቻልክ ብቻህን። ይህን ስትነግሪኝ በጣም ነው የከነከነኝ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ከመንግሥት ጠበቃ ጋር ብቻውን ሊከራከር? ለሁሉም መድረስ አትችዪም፣ ጤናሽንም ጠብቂ። ግን ከምትይዣቸው መሃል የማይከፍል ሰው እንዳይጠፋ።

አንድ ነገር ደስ ይለኛል። የባለጉዳይሽን ስም አንድም ቀን ነግረሽኝ አታውቂም። «እገሌ እሷ ጋ ነው አሉ» እያሉ ይጠይቁኛል፣ አላውቅም እላለሁ፣ እውነቴን ነው። እንዲህ እንደሆንሽ ዝለቂ።

የሴትዮዋ ልጅ ቅዳሜ ይደውልልሻል፤ ስልክሽን ሰጥቻቸዋለሁ። ወረቀቱ ቀርቷል፣ እናትየው የሚያውቁትን እውነት ራሳቸው ጽፈው ይፈርማሉ፤ በምን መልክ መሆን እንዳለበት ላኪልኝ። ልጁ ከገባ ዘጠኝ ወር ሆኖታል መሰለኝ፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አለበት ብለሽኝ ስለነበር መጀመሪያ የገባበትን ቀን ጠይቂው።

አባትሽ