ወረቀቱን ሳትይዢ ከጋራዥ አትውጪ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ትዕግሥት፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አክስትሽ አልማዝ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች፤ ስኳሯ ወርዶላታል፣ የእግሯ ቁስል ግን ገና ስላልጠገገ እስከ ጥምቀት ድረስ እዚሁ መቆየቴ አይቀርም። እየነዳሽው ሞተሩ የሚጠፋብሽን የአዲሱን መኪናሽን ጉዳይ በስልክ ባነሣብሽ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ እንቅልፍ እያዳፋሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ መጻፉን መርጫለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ አትመሽ ከመኪናው ወረቀቶች ጋር አስቀምጪው።

ወንድምሽ ናሆም የላከልኝን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። እንዳልሰማ ደብቃችሁኝ እንደነበርም ዐውቄአለሁ፤ እሱን ስመጣ እንነጋገርበታለን። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ ላይ፣ ወደ ጆርጂያ አቬኑ መውጫ ስትቃረቢ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ቦግ ብለው ሞተሩ ጸጥ ሲል፣ መሪው ደርቆብሽ በሁለት እጅሽ እየታገልሽ ወደ ዳር ስትጎትቺው፣ ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና ጡሩምባውን እያንባረቀ ሲያልፍሽ አየሁ። ደግሜ ለማየት አቅም አጣሁ። እናቴ፣ በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ መኪና የቆመበት ሰው ምን እንደሚገጥመው ከማንም የበለጠ ዐውቃለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዜ ይህ ነው፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ በዚያ መኪና ቤልትዌይ ላይ አትውጪ። ናሆም መኪናውን እንዲያውስሽ ነግሬዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ መኪናውን እዚያው ለሻጩ መልሰሽ በሌላ ልትለውጪው አስበሻል መባሉን ሰምቻለሁ። ይህን እንዳታደርጊው። ገና አንድ ዓመት ያልሞላውን መኪና እንዳረጀ ቆጥረው በረከሰ ዋጋ ይረከቡሻል፤ ከብድሩ ያልተከፈለውን ቀሪ ደግሞ በአዲሱ መኪና ብድር ላይ ይደርቡብሻል። በእጅሽ ያለው መብትም የሚጸናው መኪናው በእጅሽ እያለ ነው፤ አንዴ ከለወጥሽው በኋላ ክርክሩ ይከብዳል። ሻጩ ፈገግ እያለ የሚያቀርብልሽ መፍትሔ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገላግለው ራሱን ነው።

መብትሽ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ናሆም የሜሪላንድን ሕግ አውጥቶ ልኮልኝ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ። በአሜሪካ ሌመን ሎው የሚሉት፣ ጉድለት ያለበት አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቅ ይህ ዓይነት ሕግ መጀመሪያ የወጣው በኮነቲከት በ1982 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ አለው፤ ቁጥሮቹም ስለሚለያዩ የቨርጂኒያ ጓደኞችሽ የሚነግሩሽን ይዘሽ እንዳትሄጂ። በሜሪላንድ ሕጉ የሚሸፍነው አዲስ መኪና ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ 24 ወር እስኪሞላ ወይም 18,000 ማይል እስኪነዳ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ፣ የታየውንና የተነገረውን ጉድለት ነው። ጉድለቱም የመኪናውን አገልግሎትና የገበያ ዋጋውን በእጅጉ የሚቀንስ መሆን አለበት፤ አውራ ጎዳና ላይ የሚጠፋ ሞተር ይህን እንደሚያሟላ የሚጠራጠር ዳኛ ያለ አይመስለኝም። ለአንድ ዓይነት ብልሽት አራት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለጥገና ከገባና ካልዳነ፣ ወይም በጉድለት ምክንያት በድምሩ 30 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ፣ አምራቹ በቂ የመጠገኛ ዕድል አግኝቶ ሳይችል ቀርቷል ተብሎ ይገመታል። የፍሬን ወይም የመሪ ብልሽት ሆኖ ከአንድ ጥገና በኋላ የግዛቱን የደኅንነት ምርመራ ካላለፈ ግን አንዱ ጊዜ ብቻ ይበቃል። ያንቺ መሪ የደረቀው ሞተሩ ስለጠፋ በመሆኑ በዚህኛው አንመካ።

አንቺ ሦስት ጊዜ ወስደሽዋል። ስንት ወረቀት በእጅሽ አለ? ናሆምን ብጠይቀው «ሁለት ይመስለኛል» አለኝ። በመካከለኛው ጊዜ «ኮምፒዩተሩን አስተካክለነዋል፣ በዋስትና ስለሆነ ክፍያ የለውም» ብለው ቁልፉን ብቻ ሰጥተው ሸኝተውሻል። ክፍያ የለውም ማለት ወረቀት የለውም ማለት አይደለም፤ ያ ቀን በወረቀት ካልታየ አልሄድሁም እንዳልሽ ይቆጠራል። ነገ ዛሬ ሳትይ ስልክ ደውዪና የዚያን ቀን የጥገና ሰነድ ከመዝገባቸው አውጥተው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ከእንግዲህም ወረቀቱን ሳትይዢ ከጋራዥ አትውጪ። መኪናው የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ ሲገባና ሲወጣ የነበረው ማይል፣ አንቺ የተናገርሽው አቤቱታና እነሱ የሠሩት ሥራ ተጽፎ መውጣት አለበት። አቤቱታሽን ደግሞ በየጊዜው አትለዋውጪው። አንድ ቀን «ይንቀጠቀጣል»፣ ሌላ ቀን «መብራት ያበራል» ብትዪ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው ብለው ይከራከሩሻል፤ ሁልጊዜ «እየነዳሁት ሳለ ሞተሩ ይጠፋል» በዪና ተቀባዩ በራሱ አባባል ሳይሆን እንዳልሽው መጻፉን ቆመሽ አንብቢ። «መረመርነው፣ ችግሩ አልታየንም» ብለው ቢጽፉ እንኳ አትጣዪው፤ እሱም ወስደሽው እንደነበር ይመሰክራል።

ዘይቱን ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የሐበሻ ጋራዥ በማስቀየርሽ ዋስትናው ፈርሷል ያሉሽን አትቀበዪ። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራሉ የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ፣ አገልግሎቱን ወይም ዕቃውን በነፃ ካላቀረበ በቀር፣ አምራች ዋስትናውን «እኔ ጋር ብቻ ካልተቀየረ» በሚል ቅድመ ሁኔታ እንዳያስር ይከለክላል። የሚጠበቅብሽ ዘይቱ በወቅቱ መቀየሩን ማሳየት ነው። ደረሰኞቹ የት አሉ? የጓንት ሣጥኑ ውስጥ ከማስቲካ ወረቀት ጋር እንደተጨማደዱ ይታየኛል። አውጥተሽ ፎቶ አንሺያቸው።

ይህን ስጽፍ አጎትሽ ግርማ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እናንተ የምታውቁት በሳቁ ነው። በ1979 ዓ.ም. ከአንድ ሰው ያገለገለ ውይይት ታክሲ ሲገዛ የዋጋውን ግማሽ ያህል የሸፈነው የአልማዝ ወርቅ ነበር፤ ከእናታችን የወረሰችው ሀብልና ሁለት አምባር ፒያሳ ወርቅ ቤት ተመዝኖ ሲሸጥ አብሬአት ቆሜ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ ይፈላ ጀመር። መካኒኩ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ማለት ነው፣ አውርዶ ቅባቱን በናፍጣ በነከረው ጨርቅ ሲጠርገው፣ ከዳር እስከ ዳር የሄደ የብየዳ ጠባሳ ወጣ፤ ጣቴን ይዞ አስዳሰሰኝ። ግርማ ለሻጩ ሄዶ ነገረው፣ በቃል። ሻጩም ተጨንቆ «ወንድሜ፣ አሠራልሃለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ» አለው፣ በቃል። በዚህ መልክ ክረምቱ አለፈ። ፍርድ ቤት ስንቀርብ ሰውዬው ያ ሁሉ ንግግር ጨርሶ እንዳልነበረ አደረገውና ከውሉ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚለውን መስመር አነበበ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው የውል ቃል እንደማያድነው ይደነግጋል፤ ገዢም ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሕጉ እንግዲህ ከእኛ ጋር ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ማወቁን፣ እኛም በጊዜው መናገራችንን በምን እናስረዳ? የበየደው ባለሙያ «ስንቱን በይጃለሁ፣ አላስታውስም» ብሎ መሰከረና መዝገቡ ተዘጋ። ግርማ መኪናውን ለቁራሌ በሚባል ዋጋ ሸጠው። አልማዝ አንድ ቀን እንኳ ስለ ወርቁ አላነሣችም፤ እኔ ግን አሜሪካ ስገባ በመጀመሪያው ደመወዜ እገዛላታለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ የእናታችሁ ጉዞ፣ ከዚያ የእናንተ ትምህርት ቀደመ። አሁን መድኃኒቷን ስሰጣት ባዶ አንጓዋን እያየሁ ነው የምውለው።

ወደ መኪናሽ ልመለስ። እስካሁን የተናገርሽው ለሻጩ ነው፤ ሕጉ ግን ለአምራቹ በጽሑፍ እንድታስታውቂ ይጠይቃል፣ የሚላከውም በሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመቀበያ ፊርማ ተመልሶ እንዲመጣልሽ ሆኖ ነው። በኢሜይልና በስልክ ማመልከት ይህን አይተካም። አድራሻውን ከመኪናው ጋር ከተሰጠሽ የዋስትና መጽሐፍ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ስምሽ፣ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተረከብሽበት ቀን፣ አሁን ያለው ማይል፣ ሞተሩ እየተነዳ እንደሚጠፋ፣ ለጥገና የገባባቸው ቀናት በሙሉ። ንዴትሽን አትጻፊበት። የሰነዶቹን ቅጂ አያይዢ፣ ዋናዎቹን ግን ለማንም አትስጪ። አምራቹ ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ 30 ቀን የመጠገኛ ዕድል አለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምጪው ካሉሽ ውሰጂላቸው፣ አራተኛው ጊዜ እሱ ይሆናል፣ ያኔም ወረቀቱን ሳትይዢ አትውጪ። ካልቻሉ ምርጫው ያንቺ ነው፤ ወይ የምትቀበዪውን ተመጣጣኝ መኪና ይተኩልሻል፣ ወይ የመኪናውን ሙሉ ዋጋ ከሰሌዳና ከምዝገባ ክፍያዎች ጋር ይመልሱልሻል፣ ለተጠቀምሽበት ተመጣጣኝ ሒሳብ ቢቀንሱም ከግዢው ዋጋ 15 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። እኔን ብትጠይቂኝ ገንዘቡን ውሰጂ።

ይህን ሁሉ አሁን የማስቸኩልሽ በማይሉ ምክንያት ነው። ከተረከብሽው ገና ከጥር ወዲህ ስለሆነ ቀኑ ብዙ ይቀረዋል፤ አንቺ ግን ከፍሬድሪክ እየተመላለስሽ ወደ 16,000 ማይል አድርሰሽዋል፣ በዚህ አነዳድ 18,000 ለመድረስ ሁለት ወር አይፈጅብሽም። ናሆም መኪናውን እንዲያውስሽ ያልሁት ለነፍስሽ ብቻ አይደለም።

የብድሩን ክፍያ ግን አታቋርጪ። ተናድደሽ «መኪናው ካልሠራ አልከፍልም» ብትዪ ባንኩ የሚያየው ያልተከፈለ ወር ብቻ ነው፤ መኪናውን ይወስዱታል፣ ክሬዲትሽም ይበላሻል። የሁለት ወር ክፍያ እንሸፍንልሽ ወይም ነፃ ሰርቪስ እንስጥሽ ብለው የሚያስፈርሙሽ ወረቀት ቢመጣ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ይኖረዋልና ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ። ጠበቃ ለመያዝ ገንዘብ የለኝም አትበዪ፤ በዚህ ዓይነት ክስ የረታ ገዢ የጠበቃውን ወጪ ተከሳሹ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ሊያዝለት ስለሚችል፣ ከደንበኛው ቅድሚያ ሳይጠይቁ የሚይዙ ጠበቆች አሉ። ብቻ ይህን በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ አስጽፊው። ለፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደርም በሻንሲ ቁጥሩ አቤቱታሽን አስመዝግቢ፣ በዚያው ቁጥር ፋብሪካው ለጥገና የጠራው ጉድለት መኖር አለመኖሩንም ተመልከቺ። አስተዳደሩ ያንቺን ገንዘብ አያስመልስም፤ ግን ሌሎችም እንዳንቺ መንገድ ላይ እየቆሙ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

እናትሽን አታስጨንቂያት፣ ቪዲዮውንም እንዳታሳያት። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። ከሌሊት ፈረቃ ስትወጪ እንቅልፍ ካጫጫነሽ በማንም መኪና ቢሆን አትንጂ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ጋደም ብለሽ ውጪ። የናሆምንም መኪና ቤንዚን ሞልተሽ መልሺለት፣ ባለፈው ባዶ ታንከር መለስሽልኝ ብሎ እስከ ዛሬ ያማሻል።

ደብዳቤውን የላክሽበትን የፖስታ ቤት ደረሰኝ ፎቶ አንስተሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ። የመካከለኛውን ጊዜ የጥገና ሰነድ አንሰጥም ካሉሽ፣ ያነጋገርሽውን ሰው ስምና ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢና ወዲያውኑ ደውዪልኝ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም እነሣለሁ።

አባትሽ